መጋረጃ የሌለው መቅደስ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የካቶሊክ ቤተክርስቲያናችን ግቢ ጥግ ላይ የከረጢት ክምር ተራግፏል፤ አንዱ ተቀዶ ከቧንቧው የሚፈሰው ውሃ ደርሶበታል። ሌላ ሰው ቢሆን ቀሚሱን አራግፎ ያልፍ ነበር። እኔ ግን ግድግዳውን ተደገፍኩ። «እማማ ብርቄ፣ ምነው? ሙቀቱ ነው?» አለችኝ ትግስት። ትግስት ሆዳን ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር ልጅ ናት። እሑድ እሑድ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ቆማ አስቀድሳ፣ እኔን ክንዴን ይዛ ቤቴ ካደረሰችኝ በኋላ ነው ወደ አሠሪዎቿ የምትመለሰው። «አዎ፣ ሙቀቱ ነው» አልኳት። ጅቡቲ ውስጥ ይህ ጥሩ መልስ ነው፤ ለሁሉም ነገር ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ግን ፈርቼ ነበር። ያ ሽታ ይዞኝ ሄዶ የጣለኝ ወጣትነቴ ላይ፣ ይህ ሕንፃ ገና አዲስ የነበረ ጊዜ ላይ ነው።

ያኔ ፈረንሳዮቹ ገና አልወጡም። እኔ ከድሬዳዋ በባቡር መጥቼ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ላይ አንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ ዘንድ ልብስ እተኩስ፣ ልጅ እጠብቅ ነበር። የሰፈሩ ስም የእባብ አምባ እንደማለት ነው፤ እባብ ግን አንድም ቀን አላየሁበትም፣ ፍርሃቴን ሌላ ነገር ወሰደው። እሑድ ጠዋት የማዳምን ነጭ ሽርጥ አውልቄ፣ ከማዕከላዊ ገበያ የገዛኋትን ሰማያዊ የተርጋል ጉርድ ለብሼ፣ ሻሼን ወደኋላ አስሬ ስወጣ የሆነች ወይዘሮ እመስል ነበር። በዚያን ጊዜ ለአንድ ትኩስ ባጌት የምንከፍለው ዛሬ ለፌስታሉም አይበቃም። ገበያው መግቢያ ላይ የየመኖች ሱቅ ነበር፤ ከትራንዚስተር ራዲዮናቸው የዑድ ዜማ ይወጣል። ከሽቶ ሻጩ ሽማግሌ ጎን ደግሞ አንዲት አፋር ሴት በፍየል ቆዳ ወተት ይዛ ትቀመጣለች፤ ባየችኝ ቁጥር በአፋርኛ የሆነ ነገር ትለኝና ትስቅብኛለች። ይህን ሁሉ እወደው ነበር፤ ግን እየወደድኩትም ጥግ ጥጉን ይዤ ነው የማልፈው። የመኖሪያ ወረቀት አልነበረኝማ። ከተማዋ ዙሪያዋን በሽቦ ታጥራ ነበር፣ አጥሩን ባራዥ ይሉታል። አፈሳ በመጣ ቀን ወረቀት የሌለው ሰው በካሚዮን ይጫንና ከሽቦው ወዲያ፣ ጥላ በሌለበት ምድር ላይ ይራገፋል። ስለዚህ ዳቦ ስገዛም፣ ስዘፍንም፣ ስስቅም ግማሽ ጆሮዬ መንገዱ ላይ ነበር።

አሮጌዋ ቤተክርስቲያን እዚሁ፣ አሁን ያለው ሕንፃ የቆመበት ቦታ ላይ ነበረች። ከባሕር በወጣ ነጭ ድንጋይ የተሠራች፣ ግድግዳዋ እንደ ምሽግ የወፈረ፣ መስኮቶቿ ጠበብ ብለው ከላይ የተሰቀሉ። ውስጧ ጨለማና ቀዝቃዛ ነው፤ እዚህ አገር ቀዝቃዛ ማለት ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ዓምዶቿ ወፋፍራም ስለነበሩ ከአንዱ ጀርባ ሁለት ሴት ቆማ አትታይም። መሠዊያው ሩቅ ነው፣ ከፊቱም የተፈለፈለ የእንጨት አጥር አለው። እኔ ያደግሁት ካቶሊኩም ሳይቀር ቤተክርስቲያኑን ክብ አድርጎ በሚሠራበት፣ መቅደሱን በመጋረጃ ጋርዶ በግዕዝ በሚቀድስበት አገር ነው። ለእኛ ቤተክርስቲያን ማለት የማይታይ ነገር ያለበት ቤት ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ካህንና ዲያቆን እንጂ ሌላ ሰው አይገባም፤ ሴት ልጅማ በሕልሟም አትገባ። ስለዚህ ያቺን ጨለማ ቤት የሠራት ፈረንጅ ቢሆንም ጠባይዋ የእኛው ነበር። በሩን ተሳልመን፣ ጫማችንን ደጃፉ ላይ አውልቀን፣ ዓምዱን ተጠግተን እንቆማለን። በዕቃ ቤቱ በስተጀርባ ደግሞ ወደ አንድ አረብ ግቢ የምታስወጣ ትንሽ በር ነበረች። አፈሳ መጣ ሲባል በእሷ ሾልከን በሰውየው ፍየሎች መካከል እናልፋለን። ሰውየው አንድ ቀን እንኳ «ምን ሆናችሁ?» ብሎን አያውቅም፤ ፍየሎቹን ሰብሰብ አድርጎ መንገድ ይለቅልናል።

ጓደኛዬ አልጋነሽ በማንም ፍየል መካከል አታልፍም ነበር። እሷ በሰው ፊት ቀና ብላ የምትሄድ፣ ከሱማሌ ነጋዴዎች ጋር በሱማልኛ ተሟግታ ዋጋ የምታስቀንስ፣ ስትስቅ ጎረቤት የሚሰማት ዓይነት ሴት ናት። የምትሠራው አንድ መድኃኒት ሻጭ ቤት ነው፤ ወረቀት እንደኔው የላትም። አፈሳ ሲመጣ እኔ በትንሿ በር ስሮጥ እሷ ሻሿን አስተካክላ፣ በትልቁ በር፣ በፈረንሳይኛ «ቦንዡር» እያለች ትወጣለች። ማንም አስቁሟት አያውቅም። «ብርቄ፣ እነሱ የሚይዙት የሚሮጠውን ነው» ትለኛለች። «አንቺ እግርሽ ከራስሽ ቀድሞ ነው የሚፈራው።» እውነቷን ነው። ለፈሪ ሜዳ አይነሱም ይባላል፤ እኔን ግን ማን ሜዳ ሰጥቶኝ! ለእኔ ያለችኝ ያቺ በር ነበረች።

ከዚያ አባ ሉዊ መጡ። ወጣት ካህን ነበሩ፤ ጢማቸውን ያጎፈሩ፣ በሰንደል ጫማ የሚሄዱ፣ ከሠራተኞች ጋር አሸዋ የሚዝቁ። ጨው የአሮጌዋን ድንጋይ በልቶታል፣ አንድ ቀን በላያችሁ ትወድቃለች አሉና አፈረሷት። በእሷ ቦታ ይህን ሠሩ። የአርማታ ጣሪያው እንደ ድንኳን የተወጠረ፣ ግድግዳው የባሕር ነፋስ እንዲያሳልፍ ከታች እስከ ላይ በቀዳዳ ብሎኬት የተሞላ። ዓምድ የለ፣ ጥግ የለ። መሠዊያው መሐል ላይ፣ በአንዲት ዝቅተኛ መድረክ ላይ ራቁቱን ተቀምጧል፤ አግዳሚዎቹ ዙሪያውን ይከብቡታል። አጥር የለውም፣ መጋረጃ የለውም። ዕቃ ቤቱ ደግሞ ግቢውን ተሻግሮ ለብቻው ነው፤ የጓሮ በር ብሎ ነገር የለም። «እግዚአብሔር ከሕዝቡ አይደበቅም» ይሉ ነበር አባ ሉዊ፣ በአዲሱ ቤት ደስ ብሏቸው እንደ ሙሽራ እየተሽከረከሩ። ፈረንጆቹም ወደዱት፤ ፎቶ የሚያነሱ እንግዶች ከወደቡ ድረስ ይመጡ ነበር።

የመጀመሪያው እሑድ ሲሚንቶው በቅጡ አልደረቀም፣ ቤቱ በሙሉ ያን እርጥብ ሽታ ይሸታል። እኛ ሐበሾቹ በሩን ተሳልመን ገባንና የምንቆምበት ጠፋን። «አልጌ፣ የት ነው የምንሆነው?» አልኳት። «እኔስ ምን አውቄ! ይሄ ቤተክርስቲያን ነው ወይስ ጋራዥ?» አለች። ዙሪያውን ስንዞር አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ማዳሞች ሁሉ ያዩናል፤ ከመንገድ የሚያልፈውም በቀዳዳው ያየናል። በመጨረሻ በሩ አጠገብ ዓይናችንን መሬት ላይ ተክለን ቆምን። ቀና ብንል መቅደሱን ልናይ ነው፤ ካህኑ እጁን ሲያነሣ፣ ጽዋውን ሲይዝ፣ ሁሉንም። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አይታይም የተባልኩትን ነገር አላይም ብዬ ቅዳሴውን በሙሉ ጣቶቼን ስቆጥር አሳለፍኩ። ከቅዳሴ በኋላ አባ ሉዊ ደጃፉ ላይ የደረደርነውን ጫማ አይተው «ጫማ ማውለቅ ምን ያደርጋል? ወለሉ ያቃጥላል» አሉን፣ በግማሽ ፈረንሳይኛ በግማሽ አማርኛ። እኔ ለመታዘዝ ጎንበስ ስል አልጋነሽ ያዘችኝ። «አባ» አለቻቸው፣ «እርስዎ መጋረጃውን አነሱት። ጫማውን ደግሞ ለኛ ይተዉልን።» ሳቁና ተዉልን።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ መንፈስ በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ እሑድ፣ ወንጌል ተነቦ እንዳበቃ፣ በብሎኬቱ ቀዳዳዎች የፖሊስ ካኪ ልብስ ሲያልፍ አየሁ። ሰው ሙሉ አይታይም፤ በአንዱ ቀዳዳ ቆብ፣ በሌላው ቀበቶ፣ በሌላው እጅ። ሰዎቹ እኛን ብለው አልነበረም የመጡት፤ መንገዱን ይዘው ሲያልፉ ደጃፉ ላይ ጫማ አዩ። እዚህ አገር መስጊድ ደጃፍ ላይ ጫማ ቢደረደር ማንም ዞር ብሎ አያይም። ቤተክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጫማ ካለ ግን ውስጥ ሐበሻ አለ ማለት ነው፤ ሐበሻ ካለ ደግሞ ወረቀት የሌለው አይጠፋም። ማሳደድ ምን ያደርግላቸዋል? ጫማችን አጠገብ ቆመው ጠበቁ። እንዲህ ያለ መጠበቅ ከሩጫ ይብሳል። ዓይኔ ጥግ ይፈልጋል፣ ቤቱ ግን ጥግ የለውም። ትንሿን በር ይፈልጋል፣ በሯ የለችም። አልጋነሽ እንኳ ያን ቀን «ቦንዡር» አላለችም፤ ከፊት ለፊታችን ቆመው ነበርና። ከዚያ መጠበቁ ሰለቻቸው መሰለኝ፣ ከነጫማቸው ገቡ።

አባ ሉዊ ጸሎቱን አቋረጡ። እጃቸውን ዘርግተው፣ በዚያች ባለቻቸው ጥቂት አማርኛ «ኑ! እዚህ ኑ! ሁላችሁም!» አሉን። ለሰዎቹ ደግሞ በፈረንሳይኛ «ቅዳሴ ላይ ነኝ። ከዚህ መድረክ በላይ ማንም ሰው አይነካም» አሏቸው። አለቃቸው ቆቡን አወለቀና ቆመ፤ ወደ መድረኩ የምታስወጣውን አንዲት ደረጃ እያየ ቆመ። ማምለጫው በእጃችን ነበር፤ ጥቂት ተራምደን መውጣት ብቻ። ግን ወዴት? መቅደስ ውስጥ! ሴቶቹ ሁሉ እርስ በርስ ተያየን። አባ ሉዊ «ኑ!» ይላሉ፣ የሚጠሩን ወደማይገባበት ነው። ፊታቸው ቀልቶ፣ ምን እንደያዘን አልገባቸው ብሎ፣ ደጋግመው ይጠራሉ። እሳቸው የሚያዩት አንድ ደረጃ ነው። እኛ የምናየው በዚያ በአየሩ ላይ የተጋረደ መጋረጃ ነበር።

እኔ ወጣሁ። ጀግኜ አይደለም፤ አልጋነሽ እንዳለችው እግሬ ከራሴ ቀድሞ ስለሚፈራ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ፣ «ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ» እያልኩ፣ እንዴት እንደወጣሁ ሳላውቅ የመሠዊያውን ድንጋይ በጀርባዬ ነክቼ ስቆም እሳት ይወርድብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ጥቂቶች ተከተሉኝ። ዓይኔን ስገልጥ አልጋነሽ ከታች ናት። ከደረጃዋ ሥር መጥታ፣ ልክ መጋረጃ ቢኖር ኖሮ የሚወርድበት ቦታ ላይ ስትደርስ ቆማለች። ሰው የማትፈራው አልጋነሽ። «አልጌ ነይ! በማርያም ነይ!» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ብርቄ፣ መቅደስ ነው እኮ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ እኔ የረሳሁትን ነገር እንደምታስታውሰኝ። እጄን ዘረጋሁላት። እጄንም ፈራችው፤ መቅደስ ውስጥ ያለ እጅ ነዋ። ከዚያ ክንዷን ያዟት። አልጮኸችም። አባ ሉዊ ከመድረኩ ዘለው ወርደው እስከ ካሚዮኑ ድረስ እየለመኑ ተከተሏቸው፤ ጫማዋን እንኳ እንድታደርግ አልጠበቋትም።

ከሽቦው ወዲያ ከወሰዷቸው በኋላ የሆነውን አላውቅም። ከድሬዳዋ ባቡር በመጣ ቁጥር ጣቢያ ሄጄ እጠይቅ ነበር። አንዱ አሊ ሳቢህ ከተማ አካባቢ አየኋት ይላል፤ ሌላው የለም፣ ያቺ ሌላ ናት ይላል። የበጋው ሙቀት ገና መጀመሩ ነበር፣ ውሃም አልያዘች። ዓመቱ ዓመት ወለደ፣ ፈረንሳዮቹ ወጡ፣ አዲስ ባንዲራ ተሰቀለ፣ እኔም ወረቀት አገኘሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ። አልጋነሽ አልመጣችም። አባ ሉዊ ወደ አገራቸው ከመሄዳቸው በፊት ስለዚያች ደረጃ ተናዘዝኩላቸውና «ልጄ፣ ይሄ ኃጢአት አይደለም» ብለው አለቀሱ። እሺ አልኳቸው፤ ልቤ ግን እሺ አላለም። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ያችን መድረክ ረግጫት አላውቅም። ሕንፃውን ግን ዕድሜ ልኬን ስረግመው ኖርኩ። ጋራዥ ነው፣ ወንፊት ነው፣ ቤት መስሎ የሚያጋልጥ ሜዳ ነው እያልኩ። ወጣቶቹም ለመዱኝ፤ «እማማ ብርቄ ሞደርን አትወድም» ይላሉ።

ባለፈው እሑድ ከሲሚንቶው ክምር አጠገብ ዮሴፍ የጠራኝ ለዚህ ነው። ዮሴፍ እናቱ ሐበሻ፣ እዚሁ ተወልዶ ፈረንሳይ አገር የተማረ አርክቴክት ነው። የባሕሩ ጨው አሁን ደግሞ አርማታውን በልቶታል፤ ውስጡ ያለው ብረት ዝጎ አብጦ ከጣሪያው ቁራጭ ቁራጭ ይወድቃል። ሊያፈርሱት ነው። «ቮዋላ እማማ!» አለኝ የአዲሱን ሕንፃ ሥዕል እያሳየኝ፤ «ደስ ይበልዎት። እርስዎ የሚሉት ይሁን ብለን በጥንቱ መልክ ልንመልሰው ነው።» ወፍራም ግድግዳ፣ ቅስት መስኮት፣ የደወል ማማ። ሰዉ ከቦን ያጨበጭባል። እውነትም ያማረ ነበር፤ አሮጌዋን ከመቃብሯ ያወጣት መሰለኝና ዓይኔ እንባ አዘለ። ከዚያ ጣቱ መሠዊያው ላይ ደረሰ። ከፍ ባሉ ደረጃዎች ላይ ተቀምጧል፣ በፊቱም ከዳር እስከ ዳር የብረት አጥር አለ፣ አጥሩም በር አለው።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

«ግሪይ ነው እማማ። ለክብር። ከቅዳሴ ውጪ ይቆለፋል፣ በቅዳሴም ካህኑ ሲገባ ይዘጋል። ጥንት እንደዚያ አልነበረም?»

«ነበር።» የአጥሩን በር በጣቴ ነካሁ። «ልጄ፣ አይቆለፍ። በሩ አይቆለፍ።»

«ምነው እማማ፣ ዘመናዊ ሆኑ እንዴ!» አለ አንዱ፣ ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁላቸው። ምን ብዬ ላስረዳ? ከሚስቁት መካከል እንደ ትግስት ያሉ ልጆች ቆመዋል፤ ወረቀታቸው አልቆ አሠሪያቸው ያላሳደሰላቸው፣ ከእነሱም የባሱ፣ ባሕሩን ወደ የመን ሊሻገሩ ቀን የሚጠብቁ። ሰሞኑን እንደገና አፈሳ አለ ይባላል፤ ትግስትም ጎረቤት የምትሠራ ልጅ ገበያ ወጥታ አልተመለሰችም ብላኛለች። ግድግዳም ጆሮ አለው፣ ይህ ግድግዳማ ዓይንም አለው። የትናንቱ ፍርሃት እንደ ትናንት ሳይሆን እንደ ነገ ሆኖ መጣብኝ።

ሰዉ ተበተነ። እኩለ ቀን ሲቃረብ ጫት የሚገባበት ሰዓት ነውና ከተማው ወደ ገበያው ጎረፈ፣ ግቢው ጭር አለ። ትግስት ክንዴን ስትይዝ ወደ ውስጥ መለስኳት። «ምን ረሱ እማማ?» አለችኝ። መሐል ላይ ወዳለው መድረክ ወሰድኳትና «ሰው ሊይዝሽ ቢመጣ፣ እዚህ ነው የምትወጪው። አትጠይቂ፣ አታስቢ፣ ውጪ» አልኳት። አስቃት። «እማማ ደግሞ! ሴት ልጅ እዚያ ትወጣለች? እኔ ተዋሕዶ ነኝ፣ ደፍሬ?» ማስረዳቱ ስለማይሆን ራሴ ወጣሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። እሳት ይወርድብኛል ብዬ አሁንም ጠበቅሁ። «ነይ» አልኳትና እጄን ዘረጋሁ። አንድ እግሯን አነሣች፣ መለሰች። «እዚሁ ልቁም፣ እማማ። እዚህ ይበቃኛል።»

«አይበቃሽም!» ስላት ከውጭ፣ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ትልቅ መኪና ሲጥጥ ብሎ ቆመ። ትግስት ደንግጣ ዘወር አለችና ሮጠች። ወደ እኔ አይደለም የሮጠችው፤ ወደ በሩ ነው። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ነው ቆም ብላ ያየችው። «የውሃ ቦቴ ነው እኮ፣ እማማ!» አለችኝ፣ ደረቷን ይዛ እየሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እነሱ ቢሆኑ ኖሮ አሁን እዚያው እንደቆመችበት ይዘዋት ነበር።

«ተመለሺ» አልኳት ከመድረኩ ላይ። «እንደገና።»